በጸደይ የማያቸውን ወፎች እንዴት ልመዝግብ? ለማንስ ላካፍል?

የንጋት ወፍ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወፍ ማየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ከቤቴ በእግር የሚደረስ አንድ ኩሬ አለ። ዙሪያው ሸምበቆ ነው፣ ከጀርባው ትልልቅ ዛፎች አሉ። ሥራ ከመግባቴ በፊት ጠዋት ጠዋት እዚያ ጎራ እላለሁ። ጸደይ ከገባ ወዲህ ቦታው ሌላ ሆኗል። ትናንት ያልነበረ ወፍ ዛሬ አለ። ጸጥ ብሎ የከረመው ዛፍ ሁሉ ድምፅ በድምፅ ሆኗል።

የማየውን ስልኬ ኖት ላይ እጽፋለሁ። ግን አጻጻፌ ወጥ አይደለም። አንዳንድ ቀን "ሽመላ! ሁለት!" ብቻ ነው። ሌላ ቀን ረጅም ታሪክ ነው። ቁራና ርግብን ደግሞ አልጽፋቸውም፣ ሁሌም ስላሉ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ምን ምን ብጽፍ ነው ለሌላ ሰው የሚጠቅመው? ወፏን ሳላያት ስልኬ ላይ ያለው አፕ ድምፅዋን ሰምቶ ስሟን ከነገረኝ መመዝገብ እችላለሁ? ደግሞ ዋናው፦ አንድ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ የጉጉት ጎጆ አግኝቻለሁ። ጫጩቶች አሉ። ጓደኛዬ ፎቶውን ከነቦታው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንልቀቀው ትላለች። እኔ ልቤ አልፈቀደም፣ ግን ምክንያቱን በደንብ ላስረዳት አልቻልኩም። ምን ትላላችሁ?

ቢጫ ምንቃር

ኢበርድ የሚባለውን የወፍ መመዝገቢያ አፕ አውርጂ፣ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ ነው፣ የኮርኔል የወፍ ጥናት ማዕከል ነው የሚያስተዳድረው። ኔትወርክ ባይኖርም መመዝገብ ይቻላል፣ በኋላ ትልኪዋለሽ። ፎቶ አንስተሽ ስሙን ካላወቅሽው ደግሞ አይናቹራሊስት የሚባለው ሌላ አፕ ላይ አስገቢው። እዚያ ሌሎች ሰዎች አይተው ስሙን ይነግሩሻል። እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ። የጉጉቷን ነገር ግን እባክሽ አትልቀቂው።

ጡረተኛው መምህር

የንጋት ወፍ፣ ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጠዋቴን የምሰጠው ለወፍ ነው። ስለዚህ መልሴ የሒሳብ አስተማሪ መልስ ነው የሚሆነው።

ከሁሉ በፊት ቁራውን ጻፊ። ርግቧንም፣ ድንቢጧንም።

ለምን መሰለሽ? አንድ ሰው "ዛሬ ግንደ ቆርቁር አየሁ" ብሎ ብቻ ጻፈ እንበል። ሌላ ወፍ አልነበረም ማለቱ ነው? ወይስ ነበረ፣ ግን አልጻፈውም? አንባቢው በምን ያውቃል? ለይተሽ ያወቅሻቸውን በሙሉ ከጻፍሽ ግን ዝርዝርሽ ላይ የሌለው ወፍም መረጃ ይሆናል። ያን ጠዋት፣ እዚያ ቦታ፣ አልታየም ማለት ነው። ወፍ ሲቀንስ የሚታወቀው በእነዚህ ዜሮዎች ነው። ኢበርድ ዝርዝርሽን ልትልኪ ስትዪ "ለይተሽ ያወቅሻቸውን ሁሉ ጽፈሻል?" ብሎ የሚጠይቅሽ ለዚህ ነው። ሁሉንም ወፍ ማወቅ አለብሽ ማለቱ አይደለም። ያወቅሽውን አትተዪ ነው የሚለው።

"ሁሌም ስላሉ" ያልሽው ነገር ሆዴን ስለሚበላኝ አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜን አሜሪካ በቢሊዮን የሚቆጠር አንድ የርግብ ዝርያ ነበረ። መንጋው ሲያልፍ ሰማዩ ይጨልም ነበር ይባላል። ሰው አደነው፣ ደኑንም መነጠረው። የመጨረሻዋ ርግብ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲንሲናቲ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተች። በዘመኑ "ርግብማ ሁሌም አለ" ያላለ ሰው የነበረ አይመስለኝም። የተለመደ ወፍ ሲመናመን ቶሎ አይታወቅም፣ ብርቅ ስላልሆነ ማንም አይጽፈውማ። እኔ ስለዚህ ድንቢጥን በጥንቃቄ ነው የምቆጥረው።

ሁለተኛ፣ ድካምሽን ጻፊ። በስንት ሰዓት ጀመርሽ? ስንት ደቂቃ ቆየሽ? አንድ ቦታ ቆመሽ ነው ወይስ እየሄድሽ? ከሄድሽ ስንት ኪሎ ሜትር? ስንት ሰው ነበራችሁ? "አሥር ሽመላ" ብቻውን ምንም አይነግረኝም። በሃያ ደቂቃ የታየ አሥርና ሙሉ ቀን ተውሎ የታየ አሥር ፍጹም የተለያየ ነገር ነው። ቁጥሩ ለቆየሽበት ጊዜ ሲካፈል ነው ትርጉም የሚኖረው።

በጸደይ ይህ ነገር ይብሳል። ብዙዎቹ ወፎች በደንብ የሚዘምሩት ጎህ ሲቀድ ነው። ወንዱ "ይህ ክልል የእኔ ነው" የሚለውም፣ ሴቷን የሚጠራውም በዜማው ነው። እኩለ ቀን ላይ ብትሄጂ ያው ወፍ እዚያው ሆኖ ዝም ሊልሽ ይችላል። ከዚያ ደግሞ ዛፉ ቅጠል ሲያወጣ ማየት ይከብዳል፣ ሥራውን ጆሮ ይረከባል። ብዙ ዝርያ ላይ ወንዱ ጥንድ ካገኘ በኋላ ዝማሬው ይቀንሳል። እና መጋቢት ላይ ስምንት ቆጥረሽ ግንቦት ላይ ሦስት ብታገኚ ወፎቹ ሄዱ ብለሽ አትደምድሚ። ቅጠሉ ሸፍኗቸው፣ እነሱም ጎጆ ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። በተቻለሽ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ ለተመሳሳይ ጊዜ ተመላለሺ። አንቺ ሥራ ከመግባትሽ በፊት የምትሄጂ መሆንሽ ትልቅ ዕድል ነው፣ ሰዓትሽ ራሱ ወጥ ነው።

የመጀመሪያዋን ስደተኛ ወፍ ያየሽበትን ቀን መጻፍ ደስ ይላል፣ ጻፊው። እንግሊዝ አገር ሮበርት ማርሻም የሚባል ባላባት እ.ኤ.አ. በ1736 የጸደይ ምልክቶችን መመዝገብ ጀመረ። ዛፉ ቅጠል ያወጣበትን፣ እንቁራሪት የጮኸችበትን፣ ስደተኞቹ ወፎች የደረሱበትን ቀን ነበር የሚጽፈው። እሱ ሲሞት ቤተሰቡ ቀጠለ፣ መዝገቡ እስከ 1958 ዘለቀ። ዛሬ የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠኑ ሰዎች ያገላብጡታል። እኔን የሚገርመኝ የዕድሜው ርዝመት ብቻ አይደለም፣ ከትውልድ ትውልድ አንድ ቦታ ላይ መቆየቱ ነው።

ግን የመጀመሪያ ቀን ብቻውን ያታልላል። ተመልካች በበዛ ቁጥር የመጀመሪያዋ ወፍ ቀድማ ትታያለች። ወፏ ቀድማ ስለመጣች አይደለም፣ ዓይን ስለበዛ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ካየሽ በኋላም መቁጠርሽን አታቋርጪ። መቼ እንደበዙ፣ መቼ እንደሳሱ፣ የመጨረሻዋ መቼ እንደታየች ያ ሁሉ ያስፈልጋል። የመጨረሻዋን የሚጽፍ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ስታያት የመጨረሻ መሆኗን አታውቂም። መፍትሔው በየጊዜው መጻፍ ነው።

ስለ አፑ፦ መርሊን ድምፅ ሰምቶ ስም መንገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እኔም እከፍተዋለሁ፣ ወዳጄ ነው። ሆኖም ጠቋሚ እንጂ ምስክር አይደለም። የሌላውን ወፍ ድምፅ አስመስለው የሚጮኹ ወፎች አሉ፣ እነሱ ያሳስቱታል። ስሙን ሲነግርሽ ወደ ድምፁ ዙሪና ፈልጊው። ባታዪውም ድምፁን ራስሽ አድምጠሽ "አዎ፣ እሱ ነው" ማለት ከቻልሽ መዝግቢ። በጆሮ የታወቀ ወፍ ሙሉ ምዝገባ ነው። አፑ ብቻ ሰምቶት አንቺ ካልሰማሽው ግን ተዪው። ያልለየሽውን ደግሞ "ያልታወቀ ጭልፊት" ብለሽ ማስገባት ይቻላል። ይህ ምንም ነውር የለበትም፣ በግምት ከተጻፈ ስም መቶ እጥፍ ይሻላል።

ስለ ጎጆው ልብሽ ትክክል ነው። ከእኔ የተሻለ የሚያስረዱሽ እዚህ አሉ፣ ለእነሱ ልተወው።

ካሜራ አንጋቿ

ጎጆው የኔ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ፎቶ አንሺ ነኝ። እህቴ፣ ለጓደኛሽ የምትነግሪያት ይኸውልሽ።

አንቺ አንድ ሰው ነሽ። ቆም ብለሽ አይተሽ ሄደሻል። ቦታው ግሩፕ ላይ ከወጣ ግን ሃያ ሰው ይመጣል። እያንዳንዱ "እኔ ለአንድ ደቂቃ ብቻ" ይላል። እናትየው ከጎጆ በወጣች ቁጥር እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ጫጩቱ ሳይበላ ይውላል። ሰው የረገጠው ሣር መንገድ ይሆናል፣ ያንን መንገድ ድመትና ሌላ አዳኝ ሊከተለው ይችላል። ቁራ ደግሞ እጅግ ብልህ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ የሚያይበትን ቦታ ያያል። ጉጉት፣ ጭልፊትና ንስር ላይ ሌላም አደጋ አለ። እንቁላል የሚሰርቁ፣ ጫጩት ወስደው የሚሸጡ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ ጎጆ ከነቦታው አይለቀቅም። ፎቶውን ብቻ ብንለቅስ ካለች፣ ፎቶውን ራሱ አስተውሉት። ከጀርባ ያለው አጥር፣ ምሰሶ፣ የዛፉ ቅርፅ ለሚያውቀው ሰው አድራሻ ነው። በዚያ ላይ ስልክ ፎቶው ውስጥ ጂፒኤስ ሊያስቀምጥ ይችላል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይወጣል። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን ቦታው አብሮ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የካሜራውን የቦታ ፈቃድ ከስልኩ ሴቲንግ ማጥፋት ነው የሚሻለው።

ይህ ማለት ግን አትመዝግቡት ማለት አይደለም። ጎጆ መገኘቱ ትልቅ መረጃ ነው፣ ወፏ ቦታው ላይ መራባቷን ያሳያል። አሁን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው። ጫጩቶቹ አድገው ከበረሩ በኋላ ትክክለኛውን ቀን ይዘሽ አስገቢው። ኢበርድ የቆየ ቀን ይቀበላል። አይናቹራሊስት ላይ ደግሞ ቦታውን የሚያደበዝዝ ምርጫ አለ፣ ነጥቡ በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ውስጥ የትም ሊወድቅ ይችላል። ኢበርድም በአደጋ ላይ ያሉ አንዳንድ ዝርያዎችን ቦታ ራሱ ይደብቃል፣ የአንቺ ጉጉት ከእነሱ ውስጥ መሆኗን ሳታረጋግጪ ግን በዚህ አትተማመኚ።

አንድ ሌላ ነገር ብናገር ደስ ይለኛል። ወፏ እንድትወጣ ብሎ የተቀዳ ድምፅ በስልክ ማጫወት በጸደይ ክፉ ነገር ነው። ወንዱ ክልሉ ውስጥ ባላንጣ የገባ መስሎት ጎጆውን ትቶ ሲዋጋ፣ ሲንቆራጠጥ ይውላል። ለእኛ ጥሩ ፎቶ፣ ለእሱ የባከነ ጠዋት ነው። ይህን ሲያደርጉ ያየኋቸውን ሁሉ እባካችሁ ተዉ ብዬ ለምኜአለሁ፣ አሁንም እለምናለሁ።

ቀለበት አንባቢ

የመምህሩ መልስ ላይ የምጨምረው ስለ ሽመላሽ ነው። "ሽመላ! ሁለት!" ብለሽ ጽፈሻል። በሚቀጥለው ጊዜ እግራቸውን እዪልኝ።

ብዙ ሽመሎች ጫጩት እያሉ እግራቸው ላይ ቀለበት ይደረግላቸዋል። ቀለበቱ ላይ ፊደልና ቁጥር አለ። በባይኖኩላር፣ አንዳንዴም በጥሩ ፎቶ ይነበባል። ካነበብሽው የቀለበቱን ቀለም፣ ጽሑፉን፣ ቀኝ ወይስ ግራ እግር ላይ እንደሆነ፣ ከመታጠፊያው በላይ ነው በታች የሚለውን ጻፊ። ከዚያ ቀለበት ለሚያስሩት ድርጅቶች ይላካል። የአውሮፓ ቀለበት ከሆነ ዩሪንግ የሚባለው ማኅበር ድረ ገጽ ላይ የየአገሩ አድራሻ አለ። የት እንደተፈለፈለች፣ ስንት ዓመቷ እንደሆነ መልስ ይመጣልሻል። ያንን መልስ ሲያገኙት የሚሰማው ደስታ ልዩ ነው። ግማሹን ብቻ ብታነቢም ላኪው። ሌላ ሰው ሌላውን ግማሽ አንብቦ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰው ወፎች ወዴት እንደሚሄዱ በግምት ነበር የሚያወራው። ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ይከርማሉ የሚሉ ሁሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ አንዲት ሽመላ ተገኘች። አንገቷ ላይ ሰማኒያ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የጦር እንጨት ተሰክቶ ነበር። እንጨቱ የመካከለኛው አፍሪካ ሆኖ ተገኘ። ያን ቁስል ተሸክማ ያን ሁሉ መንገድ በርራለች። አሁንም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትገኛለች። ስለሷ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ከዚያ በ1899 ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር አድራሻ የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም ቀለበቶች ለወፎች ማሰር ጀመረ። እኛ ዛሬ በባይኖኩላር የምናነበው የእሱን ሐሳብ ነው።

አደራ፣ ቀለበቱን ለማንበብ ብለሽ ወደ ወፏ አትጠጊ። ከተነሳች ቀርቷል፣ በሌላ ቀን ይሞከራል።

የንጋት ወፍ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ካሜራ አንጋቿ የጻፈችውን ለጓደኛዬ አነበብኩላት። ፋይል ስትልክ ቦታው አብሮ እንደሚሄድ አታውቅም ነበር። ፎቶውን አንለቅም፣ ዛፉ ጋም እስኪበርሩ ድረስ አንሄድም ብለን ተስማምተናል። ዛሬ ጠዋት ቁራውን፣ ርግቧን፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ዝርዝሩ እንዲህ ረጅም ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። የድሮ ኖቶቼን ምን ላድርጋቸው? ሰዓት የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አንዳንዱ ላይ ጨርሶ የለም። ደግሞ ድንቢጦቹ በመንጋ ሲነሱ እንዴት ነው የሚቆጠሩት?

ጡረተኛው መምህር

የድሮዎቹን አትጣዪ። አፑ የሚሠራው በአውሮፓ ቀንና በሃያ አራት ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ያልሽው 6:30 ተብሎ ይገባል። ቀኑን ስትቀይሪ በልብሽ አታስዪው፣ መቀየሪያ ተጠቀሚ፣ አንድ ቀን ቢዛባ መዝገቡ ይበላሻል። ከአሁን ጀምሮ ግን በአንዱ ብቻ ጻፊ። ሰዓትና የቆየሽበት ጊዜ የሌለውን "የቆየ ምዝገባ" በሚለው ክፍል አስገቢው። "ሁሉንም ጽፈሻል?" ሲልሽ "አልጻፍኩም" በዪ። ወፏ ያን ቀን እዚያ እንደነበረች እሱም ይመሰክራል።

ቦታ ስትመርጪ ኩሬው ላይ አድርጊ እንጂ ቤትሽ ላይ ነጥብ አታሳርፊ። ዝርዝሩን ሌላ ሰው ያየዋል።

መንጋውን በተመለከተ፣ አንድ በአንድ ለመቁጠር አትሞክሪ። አሥሩን ቁጠሪ። አሥር ወፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ዓይንሽ ይያዘው። ከዚያ ያንን ስፋት በመንጋው ላይ እየደገምሽ ሂጂ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያልሽ። ትልቅ መንጋ ከሆነ በሃምሳ ሂጂ። ተመልሰው ካረፉ ደግመሽ አትደምሪያቸው፣ በአንድ ጊዜ ያየሽውን ትልቁን ቁጥር ያዢ። ግምት መሆኑን አስተያየት ላይ ጻፊ። ግምትሽ ወደ እውነቱ ከቀረበ "ብዙ" ብሎ ከመጻፍ እጅግ ይሻላል።

ግንቦት መባቻ አካባቢ ላይ ግሎባል ቢግ ዴይ የሚባል ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፣ በመላው ዓለም ሰዎች በአንድ ቀን ያዩትን ያስገባሉ። አሥር ደቂቃም ቢሆን ይቆጠራል። ጓደኛሽን ይዘሻት ውጪ። አንቺ ቁጠሪ፣ እሷ ትጻፍ፣ ሁለት ተመልካች ብላችሁ አስገቡት። ያገኛችሁትን እዚህ ንገሩን፣ እኔም የእኔን አመጣለሁ።